ድምፄን የሚያውቅ ሰው

ሦስት ጠበቆች መልሰዋታል። አራተኛው፣ አቶ አስናቀ፣ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጣትና እስከ መጨረሻው አዳመጣት። የእንቅርት ኦፕራሲዮኑ የየውብዳርን ድምፅ ሲጢጥ እንደሚል በር አድርጎታል፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ «ድሮም እንዲሁ ነበረች» ብሎ ድርቅ ብሏል።

«የተቀዳ ድምፅ አለኝ» አለች።

«እትዬ፣ ማሽን የማንንም ድምፅ አስመስሎ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ፍርድ ቤት የሚቀበለው የሰው ቃል ብቻ ነው።»

«ፍሪጄስ? ድሮ ድምፄን ሲሰማ ይከፈትልኝ ነበር። አሁን ‹አላወቅሁዎትም› እያለ በእጄ ታግዬ ነው የምከፍተው።»

«እሱም ማሽን ነው። የድሮ ድምፅዎን የሚያውቅ አንድ ሰው ያምጡልኝ፣ ነገውኑ ክሱን አስገባለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ?»

ጎረቤትማ አላት። ከወይዘሮ ታንጉት ጋር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ግድግዳ ተጋርተዋል፤ ደረጃው ላይ ሲተላለፉም አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ በራቸውን አንኳኳች።

ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆመው ጉዳዩን ሁሉ ሰሟት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ምዬ ምን ልበል?» አሉ። «ድምፅሽን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»