የሰደቃ ጥላ

የንጉሡ ጦር ማይጨው ላይ ከተፈታ በኋላ፣ ጣሊያን ደሴ ከመግባቱ በፊት፣ አገሩ ባለቤት ያጣበት ሰሞን ነበር። ዳኛ የለ፣ ጭቃ ሹም የለ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ጌታ ሆነ፤ ሱቅ ያለው ደግሞ በሩን በጀርባው ደግፎ ይውላል።

ዘረፋው ቢብስ ሽማግሌዎቹ ገበያ መሃል ቆመው አዋጅ አስነገሩ። የተናገሩት ደም አድራቂው አባጋር ሰይድ ናቸው።

«ዘራፊን ከቤቱ ጠፈጠፍ ወዲህ ያገኘ ቢገድል ደም የለበትም፤ የደም ካሳ፣ ጉማም አይጠየቅም። ከዚያ ወዲያ የገደለ ግን ነፍሰ ገዳይ ነው!»

የቤት ወሰን ድሮም የክዳኑ ውሃ የሚወርድበት ጠፈጠፉ ነውና ሰዉ «ይበጅ!» ብሎ ተበተነ።

የአዋጁን ፍሬ ቀድሞ የበላው ግን ዋናው ዘራፊ ሆነ። ስሙም ደጉ ይባላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ያለ ሰው ይህን ሰውዬ አላየውም።

ደጉ የጨርቅ ነጋዴውን የየሱፍን በቅሎ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ቀማ። የሱፍም በቅሎዬን ብሎ ወደ ደጉ ቤት ሄደ። ሰው ሲደርስ ሬሳው ከደጉ በር ላይ ተዘርግቷል፤ ራሱ ከደፉ ውስጥ ነው፣ እግሩ ውጭ። በቀኝ እጁ የደጉን የመዳብ ድስት ይዟል።

«ደፌን ረግጦ ገባ» አለ ደጉ። «ድስቴን ይዞ ሊሄድ ሲል ተኮስኩ።»

የየሱፍ ሚስት ጣይባ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች።

«አባጋር፣ የባሌ ቀኝ እጅ በቅሎ ከረገጠው ወዲህ ጭብጥ አይልም። እርስዎም ያውቃሉ። ድስቱን ማን አስያዘው?»

አባጋር ሰይድ ወደ ክዳኑ ቀና አሉ፤ ወደ ሬሳው አጎነበሱ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«አውቃለሁ ልጄ። ግን ያየ ሰው የለም፤ አዋጁ አዋጅ ነው። አላህ ይፍረድ።»

ጣይባ ባሏን ቀብራ ወደ ሱቋ ተመለሰች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደጉ ግን ይህ አልበቃውም። ጉድ እኮ ነው! ራሱን የገበያው ጠባቂ አድርጎ ሾመና ከጣይባ ሱቅ ፊት፣ መንገዱ ዳር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ መዋል ጀመረ። የየሱፍ ምንሽር ከጣይባ ባንኮኒ ስር እንዳለ አገር ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ከወሰኑ ውጭ ስለሆነ ልትተኩስበት አትችልም፤ ለዚያ ነው ደስ የሚለው።

ጣይባ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች። ጣቃውን አቡጀዲ ከደፉ አጠገብ ቆለለችው።

«ግባና ምረጥ እንጂ፣ ጠባቂያችን» ትለዋለች።

«ጣይባዬ፣ ሞኝሽን ፈልጊ! ወላሂ ደፍሽን አልረግጥም!» ብሎ ይንከተከታል።

ጨው ሻጯ ጎረቤቷ ፀሐይነሽ ነገሩ ገብቷታል።

«እቴ፣ ተይው። ይህ ቀበሮ አይገባልሽም። እንደ ሰዉ ሸቀጥሽን ይዘሽ ወደ ሐርቡ ውረጂ።»

«የየሱፍ ደም እዚህ ፈሶ እኔ ጨርቅ ልሸከም?» አለች ጣይባ። «ከዚች ንቅንቅ አልልም። አንጀቴ እያረረ የት እሄዳለሁ?»

አልሄደችምም። ሰዉ ዕቃውን ወደ ቆላ ሲያሸሽ እሷ ከኮምቦልቻ ቆርቆሮ አስጭና አመጣች። አናጢ ጠርታ ከሱቋ ክዳን ጋር አስቀጥላ፣ ረጃጅም ቋሚ አስተክላ ወደ መንገዱ አስዘረጋችው።

«ለየሱፍ ነፍስ ሰደቃ ነው» አለች። «መንገደኛ ከፀሐይና ከዝናብ ይጠለልበት።»

ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ፀሐይነሽም የጣይባ ልብ በሐዘን የላመ መስሏት «ተመስገን፣ ተወችው» አለች። ደጉ እንኳ ድንጋዩ ጥላ ስላገኘለት ደስ አለው።

«የሱፍ ከሞተ ወዲህ ቸር ሆነ እኮ!» እያለ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሰማዩ በጦሳ ተራራ በኩል ጠቆረ። ጣይባ አንድ ጣቃ አቡጀዲ አቅፋ ከበሯ ውስጥ ቆመች።

«ደጉ፣ ተሸነፍኩልህ። ዕቃዬን አታስነካብኝ እንጂ ይህን ውሰደው። ግባና ተቀበለኝ።»

«አልገባም አልኩሽ! ወዲህ ወርውሪው!»

«እንዳልክ» አለችና ወረወረችለት።

ደጉ ጠመንጃውን ጥሎ ጣቃውን በሁለት እጁ አቀፈው። ከበሩ ውስጥ የየሱፍ ምንሽር አንድ ጊዜ ጮኸ። ደጉም አቡጀዲውን እንዳቀፈ ከድንጋዩ ስር ተዘረጋ።

ወንድሞቹ እየፎከሩ መጡ፤ ሽማግሌዎቹም አባጋር ሰይድን ይዘው ደረሱ።

«ደፉን አልረገጠም! ኧረ አልቀረበውም!» አለ ታላቅ ወንድሙ። «ደም አለባት!»

እውነቱን ነው። በደፉና በሬሳው መካከል አህያ ከነጭነቷ ታልፋለች። ፀሐይነሽ ደረቷን መታች።

«ወይኔ እቴ! ምነው ትንሽ ብትታገሺ!»

አባጋር ሰይድ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

ጣይባ ምንሽሩን ከእግራቸው ስር አስቀመጠች። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምጿ ግን አልተናወጠም።

«እኔ ምን እላለሁ? አዋጁን የተናገሩት እርስዎ ነዎት፣ አባጋር። ዝናቡ እስኪመጣ ብቻ ይቆዩልኝ።»

ዝናቡ አልዘገየም፤ የጣይባ ቤት ጠፈጠፍ ከደጉ እግር ወዲያ፣ መንገዱ ላይ ወረደ።