የሺጌዞን እንጉዳይ ማን ለቀመው?

ደወሉ ድንገት ጸጥ አለ።

ቶሞኤ ከወደቀው ጥድ ጀርባ ቁጢጥ እንዳለች ትንፋሿን ዋጠች። እስካሁን ከወንዙ በኩል ቅጭል ቅጭል እያለ ሲወጣ ነበር። ይሄ ዳገት ድብ ስላለበት ደወል ሳያንጠለጥል የሚወጣ ሰው የለም። መንገድ ላይ ደወሉን በጨርቅ የሚወትፍ ግን አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ እንጉዳይ ያለበት ቦታ ሊደርስ የተቃረበ። ድብ ይብላኝ እንጂ ጎረቤት አይስማኝ ባይ!

«ና የኔ ጌታ፣ ና» አለች በሆዷ። «ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዝህ።»

ባለፈው ሳምንት ስትመጣ ነው ጉዱን ያየችው። እንጉዳዮቹ ተነቅለዋል፤ ጉድጓዳቸው የጥድ ቅጠል ተመልሶ ለብሷል፣ በመዳፍም ቀስ ተደርጎ ተደልድሏል። ልክ ባሏ ሺጌዞ እንደሚያደርገው። ሺጌዞ ግን በበረዶው ወራት ሞቷል። በአገሩ እምነት ሙታን ቤታቸውን የሚጠይቁት በነሐሴ ነው፤ እሱም ፋኖስ በርቶለት፣ መጥቶ፣ ተሸኝቷል። እንጉዳይ ልልቀም ብሎ የሚቆይ ሙት የለም።

በዚህ መንደር ማትሱታኬ የሚባለው ውድ እንጉዳይ የሚበቅልበትን ቦታ አባት ለልጁ፣ ባል ለሚስቱ አይነግርም። የሚነገረው በሞት አልጋ ላይ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በጆሮ። ሺጌዞ ሆስፒታል ሲያጣጥር ቶሞኤ እጁን ይዛ ጠብቃ ነበር። የጣሪያው በረዶ ቶሎ ይጠረግ አላት። ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ አላት። ስለ ቦታው ግን ትንፍሽ ሳይል ሄደ።

ቦታውንስ ታውቀዋለች። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ተከትላው አይታ፣ እንደማታውቅ ሆና ነው ዕድሜዋን የገፋችው። የከፋት ሳያምናት መሞቱ ነው። ለሌላ ሰው ነግሮ ከሆነ ደግሞ… ኧረ ይቅር! እሱን ከማሰብ ተሰርቋል ብላ ብታምን ይሻላታል።

ኢዋዎ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? ያ ወሬኛ ጎረቤቷ ትናንት ማሳው ዳር ቆሞ፣ «እንግዶቻችሁ ዘንድሮም እንጉዳይ በሩዝ ይበላሉ አሉ! ሽታው እኛ ቤት ድረስ መጣ እኮ» ብሎ ሳቀባት። የቤታቸውን ግማሽ የእንግዳ ማረፊያ ያደረገችው ምራቷ ናትሱሆ ናት። የከተማ ሰዎች በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ፍል ውኃ ይነከራሉ፣ የቤተ መቅደሱን ከበሮ ፎቶ ያነሳሉ፣ «ወቅቱ የሚሰጠውን» አብሉን ይላሉ። ናትሱሆም እንጉዳዩን ከገበያ እንደምትገዛ ነግራታለች። ይታያችሁ፣ የገዛ እንጉዳያቸውን ከሌባ እየገዙ!

ጭራሮ ተሰበረ። ከቁጥቋጦው ወዲያ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የጥድ ቅጠሉን በጣቶቹ ይገልጥ ጀመር። ቶሞኤ የታመመ ጉልበቷን ረስታ ብድግ አለች።

«ያዝኩህ! አንተ ዓይን አውጣ!»

ቅርጫቱ ተንከባለለ። ሻሽ የጠመጠመች ሴት ደረቷን ይዛ ዞረች፤ ናትሱሆ ነበረች።

«ውይ እማማ! ድብ መስለውኝ እኮ ልቤ ቀጥ አለ!»

«ድቡ ይሻልሽ ነበር! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎስ?»

«እኔማ… ጭራሮ ልለቅም ነው። ደሞ ጥያቄን በጥያቄ አትመልሺ! ከገበያ ነው የምገዛው አላልሽም?»

«ዋሸሁዎት» አለች ናትሱሆ አቀርቅራ።

«ሺጌዞን በቁሙ እያለ ተከትለሽዋል! ነገ ደግሞ እነዚያን ባለካሜራዎች ትነጃቸዋለሽ። ‹ይኸውላችሁ የአማቴ ቦታ፣ ኑ ፎቶ ተነሱ› ልትዪ!»

«እንኳን እንግዳ ባሌም አያውቅ! አባባ ናቸው የነገሩኝ። ሆስፒታል፣ እርስዎ ሻይ ልግዛ ብለው የወረዱ ጊዜ።»

ቶሞኤ የወደቀው ግንድ ላይ ዘጭ አለች። ላስበው አልፈልግም ያለችው ነገር ይኸው ፊቷ ቆመ።

«ለአንቺ ነገረሽ» አለች። «ትናንት ለመጣሽው። ዕድሜ ልኬን ጭቃውን ያጠብኩለት፣ ወገቡን ያሸሁለት እኔ…»

«እማማ በሞቴ፣ እንዲህ አይሁኑ። እኔም ‹ለምን ለእማማ አይነግሯቸውም?› ብያቸው ነበር። ሳቁብኝ። እየሳሉ ሳቁ።» ናትሱሆ አጠገቧ ተቀመጠች። «ብቻ አንድ ነገር አስምለውኛል። ከዚያ ከትልቁ ድንጋይ ወዲያ፣ ዘግይተው የሚወጡትን እንጉዳዮች እንዳልነካ።»

«ለምን?»

«‹እነሱ ባለቤት አላቸው› አሉኝ። ‹እኔ ከወረድኩ በኋላ በየዓመቱ ተደብቃ የምትመጣ ሌባ አለች። ባዶ እጇን እንዳትመለስ እተውላታለሁ። አንቺም ተዪላት፤ ማን ናት ብለሽ ግን እንዳትጠይቂ።›»

ቶሞኤ ጎንበስ ብላ የተንከባለለውን ቅርጫት አቃናች።

«እኔ የኢዋዎን ሚስት ነው የጠረጠርኩት» አለች ናትሱሆ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሳሳቋ ራሱ ደስ አይለኝም። እርስዎስ ማንን ይጠረጥራሉ?»

ቶሞኤ ከድንጋዩ ወዲያ አየች። ማንም ያልነካው የጥድ ቅጠል እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ብሏል። በየዓመቱ እነዚህን ስትለቅም፣ ሽማግሌው ዓይኑ ደክሞ ያለፋቸው ይመስላት ነበር። እሱ ፍል ውኃ ሊታጠብ ሲወጣ ጠብሳ፣ ብቻዋን በልታ፣ ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ትከፍተዋለች። ሺጌዞ ፀጉሩ እንደረጠበ ይመለሳል፤ መስኮቱ ለምን ተከፈተ ሳይላት፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ በዚያ ብርድ አጠገቧ ቁጭ ይላል።