ጠርዟ የተበላች ካርታ

ክሊኒኩ ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚሞትበትን ቀን ጽፎ መስጠት ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ወረቀቱ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እንደ እኔ የሰውን ዕድል በካርታ እያነበቡ ይኖሩ የነበሩ ጓደኞቼ ሁሉ ሥራውን ትተውታል። የእኔ ቤት ግን ሰው አጥቶ አያውቅም። ምክንያቱን ደንበኞቼም ያውቁታል። ፀሐይ የተሳለባት የረጅም ዕድሜ ካርታ ጠርዟ ስለተበላ አውራ ጣቴ ሳላይ ያገኛታል፤ ለመጣው ሁሉ እሷን አወጣለታለሁ።

ዛሬ ጎረቤቴ ስንዱ የሰባት ዓመት ልጇን ረድኤትን ይዛ መጣች። ልጅቷ አዲሱን ጫማዋን እያሳየችኝ ተቀመጠች። የልጅ ጫማ እንዲያድግበት ተብሎ አንድ ቁጥር ተጨምሮ ነው የሚገዛው፤ የረድኤት ግን ልክክ ብሏል። ቀና ብዬ ስንዱን አየኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እስቲ ይዩላት» አለችኝ። «ወረቀቱ የሚለውን እኔ አውቀዋለሁ። እሷ የእርስዎን ትስማ።»

ካርታውን በወዝኩና ፀሐይዋን አወጣሁ። «ትልቅ ሰው ትሆኛለሽ» አልኳት።

ረድኤት ካርታዋን ትኩር ብላ አየቻት። «ትልቅ ስሆን ጫማዬ ስንት ቁጥር ነው?» አለችኝ።

በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የቀሩትን ካርታዎች ነካካኋቸው፤ አንዱም አልረዳኝም።

«እንደ እናትሽ፣ ሠላሳ ስምንት» አልኳት።

ስንዱ ልጅቷ ከራሷ ጋር እንዳታስተያየው እግሯን ቀስ ብላ ወንበሩ ሥር ሸሸገች።