የሃምሳ አለቃው ምርቃት

የቀድሞ ዘማቾች ይመሰገናሉ ተብሎ ሃምሳ አለቃውም ተጠራ። የአዳራሹ በር ላይ ጥበቃው «ዛሬ ልመና የለም፣ ዞር በል» ብሎ ገፈተረው። የጠሩት ሰዎች ወጥተው እስኪያስገቡት ድረስ በአንድ እግሩና በክራንቹ ፀሐይ ላይ ቆመ።

መድረኩ ላይ ሲያስቀምጡት የዝግጅቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ትርንጎ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ክራንቹን ከወንበሩ ኋላ ይደብቁት፤ ለካሜራ አያምርም።»

ጋቢ አለበሰችው፤ አብረው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው እንዳለቀ ያንኑ ጋቢ ከትከሻው ገፍፋ አጠገቡ ለተቀመጠው ዘማች ደረበችለት። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዛ፣ «የእናንተን ውለታ በምንም አንከፍለውም። ይኸው እኔም አንድ ልጄን ሰሞኑን የውትድርና ማሠልጠኛ አስገብቻለሁ» አለች። ጭብጨባው ለዘማቾቹ ከተጨበጨበው በለጠ።

ምርቃት ብቻ ቀረ። በዕድሜ ትልቁ ሃምሳ አለቃው ነበርና ማይክሮፎኑን ሰጡት። ከጓሮ የጥብስ ሽታ እየገባ ስለነበር ሰዉ መዳፉን ቢዘረጋም ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

«ልጆቻችሁ ለአገር ይዝመቱ።»

«አሜን።»

«እንደኔ ሆነው ይመለሱ።»

«አሜን።»

ወይዘሮ ትርንጎ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ሲመለሱም፣ እናንተ ዛሬ እኔን እንዳከበራችሁኝ አድርጎ የሚያከብራቸው ሰው ይስጣቸው።»

ማይክሮፎኑን ልትቀማው ስትንደረደር አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ።