አምነሻል?

«አክሬዲትድ ናቸው ወይ?» ትላለች ፈረንጇ ዶክተር።

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለው አዲሱ ክሊኒክ የአበሻ አዋላጅ ሊቀጥር ነው። አሮጊቷን አዋላጅ እትዬ ዘርፈሽን ይዛ የመጣችው ህሊና ናት፤ የምታስተረጉምላቸውም እሷው። ውለታቸው አለባታ! አምና ሆስፒታል አልቀበልም ብሏት እህቷ ቤቲ በምጥ ስትሞት እስከ መጨረሻው ያልተለዩዋት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ መንግሥት በአዋላጅነት እውቅና ሰጥቷቸዋል ወይ ነው። ግን ካርቱም ተወልዳ ላደገች፣ አንቱታ እንኳ ለማይሆንላት ልጅ፣ «እውቅና» የሚል አማርኛ ከየት ይምጣ? መንግሥትን እንኳ «ሑኩማ» ነው የምትለው። ትዝ ያላት የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ነው። የቃሉ ሥር በላቲን «ማመን» ነው ብሏት ነበር። በእውቀቷ ኮራ ብላ ዘወር ትላለች።

«እትዬ፣ ለሑኩማ አምነሻል ወይ ነው የምትልሽ።»

በአማርኛ ደግሞ ሰው የሚያምነው ወይ እግዜርን ነው ወይ ጥፋቱን። የእትዬ ዘርፈሽ ፊት አመድ ይመስላል።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ቤቲን ሙስተሽፋ ወስጃት መለሱን ያልኩት ውሸት መሆኑን።»

እትዬ ዘርፈሽ ልጅቷ ሁሉን አውቃ የጨረሰች ይመስላቸዋል።

«አልወሰድኳትም፣ ልጄ። ሙስተሽፋው ቅርብ ነበር። ደም ሲፈሳት ውሰጂኝ እያለች ለመነችኝ። ያለ ፈቃድ ታዋልዳለች ብለው ቡሊስ እንዳይጠሩብኝ ፈራሁና በሩን ዘጋሁባት። ይኸው አመንኩ።» እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። «አሁን ሥራውን ይሰጡኛል? ኢንሻላህ በያ!»

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ህሊና እኒህን እጆች ዓመት ሙሉ ስትስማቸው ኖራለች። አሁን ልትሰብራቸው ያምራታል።

«ምን አሉ?» ትላለች ዶክተሯ።

«አይደሉም» ትላታለች ህሊና በእንግሊዝኛ። «ማንም እውቅና አልሰጣቸውም።»

«አይጨነቁ በያቸው። እኛው አሠልጥነን ወረቀቱን እናወጣላቸዋለን። ከነገ ጀምሮ ይምጡ።»

ህሊና ወደ አሮጊቷ ጎንበስ ትላለች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ አስባበት ነው ያለሰለሰችው።

«እትዬ፣ የጠየቀችሽ የአዋላጅነት ወረቀት አለሽ ወይ ብላ ነው። የቤቲን ነገር ማንም አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። አማርኛው ጠፍቶብኝ ነው።»

እትዬ ዘርፈሽ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ከመዳፋቸው ሥር የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም።

ዶክተሯ ሥራውን በማግኘታቸው በደስታ ያለቀሱ መስሏት፣ ፈገግ ብላ ሶፍት ታቀብላቸዋለች።