ከመምህሩ ብርጭቆ በታች

«የጠዋት ስብሰባ እንዲህ ሆድ ይሞረሙራል ለካ» ይላል የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጓ፣ ወፍራሙን የዳክዬ ሥጋ መርጦ ሽማግሌው መምህር ሼን ሳህን ላይ እያኖረ። «ይብሉ እንጂ፣ መምህር። የወንዙ ነገር እንደሆነ አለቀ ደቀቀ።»

መምህር ሼን ግራ ይገባቸዋል። «የምን ማለቅ? ጉዳዩ የሚሰማው ከሰዓት አይደል እንዴ?»

ገበታው ላይ ያለው ሁሉ ዪፋንን ያያል። መምህር ሼን አስተምረው ለማዕረግ ያበቁት ዪፋን፣ ዛሬ አጣሪ ኮሚቴው ፊት የሚመሰክር ባለሙያ ነው። የወንዙን ውሃ የመረመሩት አብረው ነው፤ ፋብሪካው የሚለቀውን መርዝ ያዩትም አብረው። መምህር ሼን ለመንደሩ ሰዎች «እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ የሚሰማኝ የለም። እሱ ግን ይናገርላችኋል» ብለው ምለውላቸዋል። የመንደሩ ልጆች ያንን ውሃ ዛሬም ይጠጣሉ።

«ወደ ጠዋት ዞሮ ነው፣ መምህሬ» ይላል ዪፋን፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው። «እንዳይደክሙ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

«ምን ብለህ መሰከርክ?»

«ውሃው ንጹሕ ነው አልኩ።»

ጓ ይስቃል። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ የሚበጀውን ያውቃል። ደግሞ ለእርስዎም አስቦ ነው። በዚህ ዕድሜዎ ከማን ጋር ሊካሰሱ?»

መምህር ሼን ልባቸው ይቆስላል። ጓ ቢዋሽ አይገርማቸውም፣ እንጀራው ነው። እጅ የሚነከሰው ለካ ሲያጎርሱ ነው።

ዪፋን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ይነሳል። ግንባሩ ወርዝቷል። «ለመምህሬ ጤና» ይልና፣ ለታላቅ እንደሚገባ፣ የብርጭቆውን አፍ ከመምህሩ ብርጭቆ በታች አድርጎ ሊያጋጭ ይዘረጋል።

መምህር ሼን የራሳቸውን ከእሱ በታች ያወርዱታል። ዪፋን ደንግጦ ዝቅ ያደርጋል። እሳቸው ደግሞ ይብስ ዝቅ ያደርጋሉ።

«ኧረ መምህሬ፣ ይተዉ። ሰው ፊት አያዋርዱኝ።»

«ምነው? ከእንግዲህ አዋቂው አንተ አይደለህ?»

የዪፋን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በታች መውረጃ የለውም። መምህር ሼን የወንበሩን መደገፊያ ይይዙና ወለሉ ላይ ይንበረከካሉ። ከዚያም ብርጭቋቸውን ከዪፋን ጫማ አጠገብ ዘርግተው፣ እስኪያጋጭ ይጠብቃሉ።