የሮዊና ጣት

ክሊፎርድ ከፊቱ የቆመችውን ሴትዮ በግራ እጁ አዙሮ ቀና ሲል ከመድረኩ ጭፈራውን የምትመራው የሚስቱ የሮዊና ድምፅ ጠፍቷል።

ሌላ ማንም አልደነገጠም። እንዲያውም በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ደረቱን ነፋ። አስጨፋሪ ዝም አለች ማለት ጭፈራው ገብቷችኋል፣ ከእንግዲህ «ቀኝ ስጡ፣ ግራ ስጡ» ብሎ መንገር እናንተን መድፈር ነው ማለት ነው። በዚህ የነሐሴ የጭፈራ ካምፕ ከዝምታ የሚበልጥ ሙገሳ የለም። ግን ሌላው አስጨፋሪ ዝም የሚለው ጥቂት ዙር ከመራ በኋላ ነው። ሮዊና ዝም ያለችው ገና በሁለተኛው ዙር፣ ያውም መሃሉ ላይ ነው።

«ተክነናል ማለት ነው» አለች የክሊፎርድ አጣማጅ ዶሪን፤ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት፣ ምላሷም እንደ መሣሪያዋ ይነቅላል። «አንተን ካስተማረችማ በሬም ታስጨፍራለች።»

ሌላ ቀን ቢሆን ክሊፎርድ መልስ አያጣም ነበር። ትናንት እራት ላይ ሦስት መቶ ጭፈራ በልቡ እንደሚያውቅ፣ ይህች ጉልበቱ ባትከዳው ኖሮ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ እንደነበር፣ የሰው ሁሉ ሾርባ በረዶ እስኪሠራ ድረስ ተርኳል። የጭፈራ ጫማውን የገዛው ግን ካምፑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ዕድሜ ልኩን በሚስቱ ጭፈራ ሲቀልድ የኖረ ሰው ዘንድሮ «ልማር» ብሎ የተከተላት ሊጠብቃት ነበር።

በፋሲካ ሰሞን ስለ መርሳቷ ሊያማክሩት ሄደው ከሐኪሙ ዘንድ ሲመለሱ መኪና ውስጥ አስምላዋለች። «ካወራህ ካምፑን ይነጥቁኛል» አለችው። «ጨክነው እንዳይመስልህ። አዝነው፣ ሻይ ቀድተው፣ ትከሻዬን እያሻሹ ነው የሚነጥቁኝ።» በአውራጃው ወሬ የማይቋጥር ተብሎ የታወቀው ክሊፎርድም ማለ። ከዚያ ወዲህ ምስጢሯ እንደ ወፍጮ መጅ ሆዱ ውስጥ ተጋድሟል።

ረድፉ ቀጠለ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ፊት ለፊታቸው፤ ዙር በተጠናቀቀ ቁጥር ክሊፎርድና ዶሪን አንድ ቦታ ወደ መድረኩ ይጠጋሉ። መድረኩ ላይ ቤረል ቫዮሊኗን ትገዘግዘዋለች፤ ቤረል ስትጫወት መቃብር ውስጥ ያለ እንኳ እግሩን ያነቃንቃል። እርሷና ባለፒያኖው የሚያቆሙት አስጨፋሪዋ አንድ ጣቷን ስታነሳ ነው። ጣት ተነሳ ማለት አንድ ዙር ቀረ ማለት ነው። ጣት ካልተነሳ ጣሪያው ቢናድም ይጫወታሉ።

የሮዊና ጣት አልተነሳም። እጇ የሹራቧን ቁልፍ ይዞ ያሽከረክራል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል የለውም። ረድፉን የምታየው መሻገሪያው እንደ ጠፋበት ሰው ነው፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃውን እንደሚያይ።

ዙሩ ተደገመ፤ አሁንም ተደገመ። ላብ ጀርባ ላይ ወረደ። ቤረል ቅንድቧን ወደ ሮዊና እያነሳች መጫወቷን ቀጠለች። ከረድፉ ግርጌ አንዱ ዛሬ ሳትገድለን አትለቀንም ብሎ ሳቀ፤ አብረውት የሳቁት ጥቂት ነበሩ።

ክሊፎርድና ዶሪን የረድፉ ራስ ላይ ደረሱ። እዚያ የደረሰ ጥንድ ፊት ለፊቱ የሚገጥመው ስለሌለ አንድ ዙር ቆሞ ያሳልፋል። ሮዊና ከመድረኩ ጠርዝ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካት ርቀት ላይ ነበረች።

«ሮዊዬ፣ ጣትሽን» አላት በሹክሹክታ።

ደጃፍ ላይ የማታውቀውን እንግዳ እንደምትቀበል ሁሉ በትሕትና ፈገግ አለችለት። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋና ጎንበስ አለች።

«እንዴት ነው የሚያልቀው?»

የራሱን ጣት ማንሳት ይችል ነበር። ግን ለምን እርሱ እንዳነሳላት በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ይገባዋል። ቤረልም ትኩር ብላ እያየችው ነው። ዙሩ አለቀ፤ ወደ ረድፉ መግባት አለበት።

ቀኝ እጅ በሚሰጥበት ግራውን ሰጠ። በሴቶቹ በኩል ገባ፣ የአንድ ቄስ ሚስት ክንድ ጨብጦ ወደማይሆን አቅጣጫ አሽከረከራት፣ በቄሱ እግር ተጠልፎ፣ ሦስት ሰው አስከትሎ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። የእንግሊዝ ምድር እንዲያ ያለ አወዳደቅ ያየችው ወይ በንጉሥ ነው ወይ በግንብ። ቫዮሊኑ ሲጢጥ ብሎ ቆመ።

«ከሦስት መቶው የትኛው ነው ይሄ?» አለች ዶሪን ከላይ ሆና።

«ሦስት መቶ አንደኛው» አለ ክሊፎርድ ጉልበቱን ይዞ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሮዊናም ሳቀች፣ ያንን የዱሮ፣ የራሷን ሳቅ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣» አለች፣ «ይህ ከቤት ይዤው የመጣሁት ነው፤ ካምፑ አልመረጠውም።» እንደገና ተሳቀ። ክሊፎርድ ከወለሉ ላይ አያት፣ አተረፍኳት አለ በልቡ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው መጅም ትንሽ ቀለለው።

ሳቁ በረደ። ሰዎቹ ተነሱ፣ ልብሳቸውን አራገፉ። በመስኮቱ ዝናብ ይሰማል። ቫዮሊኑ ቤረል ጉልበት ላይ ተጋድሟል፤ ባለፒያኖው መነጽሩን ይወለውላል።

ሮዊና ወደ እነርሱ ዞረች፣ አንገቷን ቀና አደረገች፣ ዝም ወዳለው ሙዚቃ አንድ ጣቷን አነሳች።

ቤረል ጣቷን አየች። ከዚያ ክሊፎርድን አየችው። እርሱም ጉልበቱን እያሻሸ ረድፉ ውስጥ ቦታውን ያዘ።

ቤረልም ቫዮሊኗን አንስታ አገጯ ሥር አደረገች፤ አንድ ዙር ቀርቷል።